ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ

ሰቆጣ፣ የካቲት 9 ቀን 1992 ዓ.ም.

ውድ አያ ምሳው፣

ጤናዎን የምጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው። ከላይ ከጠየቅሁዎ «ደህና ናቸው ብለሽ መልሺላት» ይሉና ማስተዋልን ደብዳቤውን ያሳጥፏታል፤ አውቅዎ የለ። ሰላምታዬን ከፈለጉ እስከ ታች ድረስ ያዳምጡኛል ማለት ነው። አንቺም ማስተዋል እኅቴ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው። አባቴ ይቆጣል ብለሽ አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ። የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ቁጣውም ለእኔ ይላክልኝ።

ቄስ ገብረ አምላክ ከደብዳቤው ጋር አንድ ካሴትና አራት አዲስ የባትሪ ድንጋይ ያደርሱልዎታል። ድንጋዩን የላክሁት ጽጽቃ ላይ ይጠፋል ብዬ አይደለም። በደከመ ድንጋይ ቴፑ እየተጎተተ ማሲንቆዎን እንደ ታመመ ጥጃ እንዳያደርገውና «ይኸው አበላሸችው» እንዳይሉኝ ነው። ካሴቱን ግን አሁን አያስከፍቱት። መጀመሪያ እኔን ይስሙኝ።

ዋናውን ነገር ላስቀድም። ጥር 18 ቀን በወለተ ሐና ቤት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አያ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይሁኑልኝ» ያልሁዎ እኔ ነኝ። አፌ አምልጦኝ አይደለም፤ አስቤበት ነው። እርስዎም ማሲንቆዎን በጨርቁ ጠቅልለው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ፤ በማግስቱ ወደ ልጅዎ ወደ ጽጽቃ ሄዱ። ሦስት ሳምንት ሆነ። በዚህ ሦስት ሳምንት ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ቤቴ መጥቷል። በመጀመሪያው ሄደሽ እግራቸው ላይ ውደቂ አሉኝ። በሁለተኛው ጊዜ ለዘብ አሉና፣ ባይሆን በደብዳቤ ይቅርታ ጠይቂ፣ ፊደል ታውቂ የለ አሉኝ። ይኸው ጻፍሁ። ይቅርታው ግን የለበትም።

ባለጌ ሆኜ እንዳይመስልዎ። እርስዎ የእናቴ ወንድም ነዎት። «ትማር» ብለው ከአባቴ ጋር ተጣልተው ስድስተኛ ክፍል ያደረሱኝ እርስዎ ነዎት። የካሴት ሱቋን ስከፍት፣ ከተማው «ደግሞ ሴት ቴፕ ልትጠግን» እያለ ሲያላግጥብኝ፣ በመጀመሪያው ቀን መጥተው ደጃፌ ላይ ተቀምጠው ማሲንቆ የመቱልኝ እርስዎ ነዎት። የዚያን ቀን የሳቀብኝ ሰው ሁሉ ቆሞ እርስዎን ሲሰማ ዋለ። ይህን አልረሳሁም። ለማላከብረው ሰው ዝም ማለት አያቅተኝም፤ ለእርስዎ ነው ዝም የማልለው።

የአምናውን ያስታውሱ። ያ የካሴት ነጋዴ ከሩቅ ከተማ መጥቶ፣ ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ፣ አራታችሁን ሰማ፤ የእርስዎን ማሲንቆ፣ የንጋቱን ክራር፣ የወለተ ሐናን ከበሮና ድምፅ፣ የእረኛውን የትእዛዙን ዋሽንት። ሲጨርስ ሽማግሌውን ብቻ ልውሰድ፣ ሌላውን ኦርጋን ይሠራዋል አለ። እኔ መልስ ስፈልግ እርስዎ ቀደሙኝ። «እኛ አራት ነን» አሉት። «ወይ አራታችን፣ ወይ ማናችንም።» ሰውዬው ሳቀና፣ አራት ሰው እንደዚህ ተቀምጦ ሲጫወት የሚይዝ ማይክ የቤት ዋጋ ነው፣ እዚህ አገር ማን አለው ብሎ ሻንጣውን አንሥቶ ሄደ። እኔ የዚያን ዕለት ነው የማልሁት። በቤት ዋጋ ካልሆነ በበግ ዋጋ እንይዘዋለን አልሁ። እርስዎም «ይበል» አሉኝ። ብለውኝ ነበር፣ አያ።

ከገና በኋላ አምስታችን ያዋጣናትን ገንዘብ ይዤ ወልድያ የወረድሁ ጊዜ የሆነውን በደንብ አልነገርሁዎትም፤ ጊዜም አልሰጡኝ። የሱቄን ቴፕና የንጋቱን ክራር በጋቢ ጠቅልዬ ከጭነት መኪናው ላይ ስወጣ ሹፌሩ ሠርጉ የት ነው እያለ እስከ ኮረም ድረስ አላገጠብኝ። ኮረም ላይ «ሠርግ አይደለም፣ ቀብር ነው፤ የሚቀበረውም ሹፌር ነው» አልሁት። ከዚያ እስከ ወልድያ መንገዱን ብቻ እያየ ነዳ።

ወልድያ ያለው ባለ ሱቅ ደግሞ ለስብከት ነው ለሠርግ ብሎ ጠየቀኝ። ለማዳመጥ ነው አልሁት። መጀመሪያ ያወጣልኝ እርስዎ ያዘዙኝን ነው፤ ጭንቅላቱ ቡጢ የሚያህለውን፣ ሹመኞች በስብሰባ ላይ የሚጨብጡትን። በእጄ ያለው ለአንዱ ብቻ ይበቃል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ልገዛው ነበር። ይዤ ስገባ ፊትዎ ሲበራ ታየኝ። ግን ደግሞ እኔ ሳልቀምስ እህል አልገዛም። ገመዱን ቴፔ ላይ ሰካሁ፣ ክራሩን ይዤ ሁለት እርምጃ ራቅሁና ከክሮቹ አንዷን እየደጋገምሁ መታሁ። መልሼ ሳዳምጠው ምንም የለም፤ ከሩቅ እንደሚመጣ ትንኝ ነገር ብቻ። ክራሩን አፍንጫው ድረስ ሳስጠጋለት ግን ጥሩ አድርጎ ያዘው። ያኔ ገባኝ። ያ ማይክ ጆሮው ሥር የሚያንሾካሹክለትን እንጂ ሌላውን የማይሰማ ሹም ነው። መድረክ ላይ፣ ሁካታ መሀል ለሚዘፍን ሰው ደግ ነው፤ አልነቅፈውም። ለእኛ ግን ለእያንዳንዳችሁ አንድ፣ በጠቅላላው አራት ያስፈልጋል፤ በዚያ ላይ አራቱን የሚያደባልቅ ሣጥን። እርስዎን ብቻ ለመያዝ ከሆነማ ነጋዴው ምን አጠፋ?

ሁለተኛው የፕላስቲክ ነበር። ክራሩን ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ አደረገው። ባለ ሱቁ ይኼ እኮ በነፃ እንደ ማለት ነው ሲለኝ «በነፃማ አህያም ታናፋለች» አልሁት።

ሦስተኛውን ራሴ ነኝ ያየሁት፤ ከመደርደሪያው ሥር፣ አቧራ ከለበሰ ካርቶን ውስጥ። ጣት የሚያህል፣ ቀጭን፣ ሆዱ ውስጥ የራሱ ትንሽ ድንጋይ ያለው። ጋዜጠኛ ነው የሚገዛው፣ ለወሬ ነው፣ ለሙዚቃ አይሆንሽም አለኝ። ሁለት እርምጃ ራቅሁና ያቺኑ ክር መታሁ። አያ፣ ምን ልበልዎ። ክሩን ሰማ፤ ጣቴ ክሩን ሲለቀው ሰማ፤ የክራሩን እንጨት ሰማ። ባለ ሱቁ ሻይ ፉት ሲልም ሰማ፤ ውጪ በግ የሚያሻሽጠውን ሰው ሳይቀር ሰማ። ሱቁን በሙሉ እንዳለ ሰማው። ሽሽሽ የሚል ነገር አለው፤ ዝናብ ከማዶ ሲመጣ እንደሚሰማው ያለ፣ ዝም ሲባል ብቻ የሚታወቅ። ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ያን ያህሉን እችላለሁ ብዬ ተውሁት።

ሁለት ወሰድሁ፤ ሰው የሚሰማው በሁለት ጆሮ ነው። ሁለቱ ግን መንታ መሆን አለባቸው። አንዱ ከበረታ ሙዚቃው ወደ አንድ ጎን ያነክሳል። በካርቶኑ ውስጥ አምስት ነበሩ፤ አምስቱንም አስወጥቼ፣ በዚያችው ክር፣ በዚያው ርቀት እየሞከርሁ፣ እኩል የሚሰሙትን ሁለት እስክለይ የሱቁ መዝጊያ ሰዓት ደረሰ። ሰውዬው ሲያስረክበኝ ባል ስታገቢም እንዲህ ነው የመረጥሽው አለኝ። «ባልማ ሳልሞክር ወሰድሁ» አልሁት፤ «ማይኩን ያስሞከረኝ ያ ነው።»

ይህን ሁሉ ልነግርዎ እየሮጥሁ መጣሁ። እርስዎ ጋቢው ሲፈታ አዩና፣ «ለዚች ነው ወልድያ ድረስ የሄድሽው? ይህችን ዶሮ ትውጣታለች» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ነገራችን የተበላሸው ከዚያች ሳቅ ጀምሮ ነው። እርስዎ ማይክን እንደ ከበሬታ ወንበር ነበር የሚያዩት፤ ትልቅ መሆን ያለበት፣ ትልቅ ሰውም አጠገቡ የሚሰየምበት። ለእኔ ጆሮ ነው።

ሥራውን የእኔ ሱቅ ውስጥ ያላደረግሁት ቆርቆሮው ፀሐይ ሲያርፍበት ስለሚንጣጣ ነው፤ ለዚህ ነው የወለተ ሐናን የሣር ክዳን ቤት የለመንሁ። ቁርበት አነጠፍን፣ ግድግዳው ላይ ጋቢ ሰቀልን። ለማይኮቹ መቆሚያ ከባላ እንጨት ሠራሁ፤ ሁለቱን በመስቀለኛው ላይ በስንዝር አራርቄ፣ ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ መለስ አድርጌ አሰርኋቸው፣ ልክ እንደ ጆሮ። የመጀመሪያውን ቀን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። የማይኮቹን ድንጋይ ሳላጠፋ አሳድሬ፣ አራታችሁን ሰብስቤ፣ ባዶ ካሴት ስቀዳ ዋልሁ። ያን ጊዜ እንኳ አልተቆጡኝም።

ጥር 18 የሆነው ግን የማይኩም የድንጋዩም ጥፋት አይደለም፤ የአቀማመጣችን ነው። እኔ ባላውን ተከልሁ፤ እናንተ እንደ ልማዳችን በዕድሜ ተሰየማችሁ። እርስዎ ከማይኩ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ከእርስዎ ቀጥሎ ወለተ ሐና ከበሮዋን ይዛ፣ ከእሷ ቀጥሎ ንጋቱ፣ ትእዛዙ መጨረሻ፣ ደጃፉ ላይ። ማንም ሳያዝዘው እዚያ ሄዶ ተቀመጠ። እኔም እያየሁ ዝም አልሁ፤ ወግ ነው ብዬ። ጥፋት ካለብኝ ያች ዝምታ ናት። ማይክ ወግ አያውቅም፤ የቀረበውን ያጎላል፣ የራቀውን ያሳንሳል።

ቀድተን ስናዳምጥ እርስዎ «ተያዘ!» ብለው ጭንዎን መቱ። እውነት ነው፣ ማሲንቆዎ ተይዟል፤ ጭራው ክሩን ሲፈትገው ሳይቀር ይሰማል። እኔ ግን እርስዎን አልነበረም የማየው። ትእዛዙ ከደጃፉ ሆኖ፣ አንገቱን ወደ ቴፑ ዘንበል አድርጎ፣ ራሱን ይፈልግ ነበር። ካሴቱ እስኪያልቅ ድረስ ፈለገ። ከዚያ ፈገግ አለና ያምራል፣ አያን በደንብ ይዟቸዋል አለ።

ያን ጊዜ ነው የተነሣሁት። ትእዛዙን ከማይኩ ፊት በክንድ ርቀት፣ ንጋቱን ከጎኑ፣ እርስዎን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ወለተ ሐናን ከነከበሮዋ ግድግዳው ሥር አልሁ። ወለተ ሐና «የእኔ ከበሮ ከጎረቤትም ቢሆን ይሰማል» ብላ እየሳቀች ሄደች። እርስዎ ተነሥተው ቆሙ።

«በስልሳ ስምንት ዓመቴ ከእረኛ ኋላ?» አሉ።

ትእዛዙም ብድግ ብሎ፣ «እኔ ልውጣ፣ እርሳቸው ይቀመጡ» አለ። ተቀመጥ አልሁት። እርስዎ ወጡ።

አያ፣ ኋላ ያልሁዎ አንሰው አይደለም። ድምፅዎ ስለሚበልጥ ነው። ማሲንቆ ከደጅ ይሰማል፣ ከበሮ ከማዶ ይሰማል። ክራር ግን ከጉልበት አያልፍም። የትእዛዙ ዋሽንትም ድሮ ገደል ይሻገር ነበር፤ ዛሬ ከእጁ አያልፍም። የበረታው ለደከመው ቦታ ቢለቅ ምን ይጎድልበታል? ትልቅ ሰው ኋላ ቢቀመጥም ይሰማል፤ ትልቅነቱ እኮ እሱ ነው።

ማይኩን የት ልትከል ብዬ ያሰብሁ ጊዜ ምን ትዝ እንዳለኝ ያውቃሉ? ልጅ ሆኜ ድግስ ሲኖር የእኔ ቦታ የጓዳው በር ነበር፤ የጎደለውን ማቀበል። ትልልቁ ሰው ከላይ፣ ከእርስዎ አጠገብ ይሰየማል። በጓዳው በር በኩል የሚቀመጠው ክራር መቺው ነው፣ ዋሽንት የያዘው ነው፣ ልጅ እግሩ ነው። የእርስዎ ማሲንቆ ከወዲያ፣ ከላይ ይመጣል፤ ክራሩ እዚሁ እግሬ ሥር ነው። እና ሁሉም እኩል ሆኖ ጆሮዬ ላይ ይገናኛል። እንግዳው «ማሲንቆው ግሩም ነበር» እያለ ይወጣል። ሁሉንም የሰማሁት እኔ፣ ገንቦ ተሸክሜ የቆምሁት ነኝ። ማይኩን የተከልሁት እዚያ ቦታ ላይ ነው። ከከበሬታው ወንበር አይሰማም፣ አያ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ከዚያ ተቀምጠው ስለኖሩ አላወቁትም።

የትእዛዙን ነገር ልንገርዎ። ክረምት የጀመረው ሳል አልለቀቀውም። ሐኪም ቤት ታይቶ፣ ሳምባህ ተጎድቷል፣ መንፋት ተው ተባለ። እንዳይተው ፈርቼ፣ እንዳይነፋም ፈርቼ ምን ልታደርግ ነው ብዬ ብጠይቀው «ካልነፋሁበት ትንፋሹ ለምኔ ነው?» አለኝ። አሁን አንዱን ዜማ ሳያርፍ አይዘልቅም። የነነዌ ጾም ትናንት ተፈታ። ሁዳዴ የካቲት 27 ይገባል። ከገባ ሃምሳ አምስት ቀን ዘፈን የለ፣ ማሲንቆ የለ፤ ሁሉም ይሰቀላል። ፋሲካ ሲሆን እርስዎ ማሲንቆዎን ከሰቀሉበት ያወርዱታል። ትእዛዙ ትንፋሹን ከየት ያወርዳል?

ሽማግሌዎቹም የጠየቅኋቸው ይህንኑ ነው። «ብቻ ወግ ነው» አሉኝ።

እንግዲህ አሁን ማስተዋል ቀስ ብላ ታንብብ። ማንም የማያውቀውን ልጽፍ ነው።

ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ ለልቅሶ ሰሃላ ስትሄድ እርስዎ ሸኙን፤ መንገዱ ሁሉ ገደል ስለሆነ እኔን ካህያዋ ላይ በመቀነትዎ አስረውኝ ነበር። ያረፍነው ደጅይጥኑ ቤት ነው። የትእዛዙ አባት፤ ትእዛዙ ያኔ ጡት ያልጣለ ሕፃን። ደጅይጥኑ ዕድሜውን ሙሉ ከብት የጠበቀ ሰው ነበር፤ አማርኛው ይሰባበርበታል፣ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ሲቀልድ ግን ቤቱን በሳቅ ያፈርሰዋል። በማግስቱ ከብቱን ነድቶ ሲወጣ እርስዎ ተከተሉት፤ እኔም ተከተልሁ። እሱ አፋፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዋሽንቱን ያዘ። እርስዎ ከኋላው፣ መሬት ላይ፣ ትቢያው ላይ ተቀመጡ። ማሲንቆ የያዘ ሰው፣ ያን ጊዜ እንኳ ስሙ የተጠራ፣ ትቢያ ላይ። እኔ ለምን ፊቱ አትቀመጥም ብዬ ጠየቅሁዎ፤ ልጅ ነበርሁና አንተ ነበር የምልዎ። «ፊቱ ብቀመጥ ለእኔ ብሎ ይነፋል» አሉኝ። «ከኋላ ስሆን ለከብቱ ሲነፋ እሰማዋለሁ።»

ሁለት ቀን ከኋላው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን፣ ስንመለስ፣ ያንን ዜማ በማሲንቆ ሲሞክሩት ሰማሁ። ዛሬ በየሠርጉ «የምሳውን፣ የምሳውን» እየተባለ የሚጠየቀው ዜማ እሱ ነው። ደጅይጥኑ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ትእዛዙ ይህን አያውቅም። ያንን ዜማ ሲነፋ የእርስዎን የሚከተል ነው የሚመስለው፤ አንዳንዴም ሲሳሳት ይቅርታ ይጠይቅዎታል። አይቻለሁ።

ጥር 18 «ከእረኛ ኋላ?» ሲሉ ይህ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብናገረው ይቀመጡ ነበር፤ ግን አፍረው ይቀመጡ ነበር። ዋጥሁት። ለሽማግሌዎቹም አልተናገርሁም። ለትእዛዙ አልነግረውም፤ የመንገሩ ተራ የእርስዎ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እንጃ፣ ይኼኛው ሊነቅዝ የደረሰ ይመስለኛል። እና ከእረኛ ኋላ መቀመጥ ውርደት ነው አይበሉኝ። ለእርስዎ የተማሩበት ቦታ ነው።

እርስዎ በሄዱ በአራተኛው ቀን ሦስቱን ሰብስቤ ቀዳሁ። ንጋቱ ደሃና ወረዳ አንድ ማሲንቆ መቺ አለ፣ እናስመጣው አለኝ። እምቢ አልሁ። በርጩማዎን ከማይኩ አጠገብ ሳይሆን ከትእዛዙ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ባልሁዎ ቦታ ላይ አስቀመጥሁት። ወለተ ሐና ልታነሣው ስትል ተይው፣ ድምፅ አለው አልኋት። «አንቺስ ለይቶልሻል» አለችኝ።

አሁን ካሴቱን ያስከፍቱ። አዲሱ ድንጋይ ይግባበት።

በመጀመሪያው ፊት ያለው ጥር 18 የተቀዳው ነው። ያዳምጡት፤ ይወዱታል። ከዚያ እንደ ትእዛዙ አንገትዎን ዘንበል አድርገው ዋሽንቱን ይፈልጉልኝ። ካገኙት ሽማግሌዎቹን ይላኩብኝ፤ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ።

ከዚያ ማስተዋል ትገልብጠው። በዚያኛው ፊት ትእዛዙ አለ፤ ጣቱ ከቀዳዳው ላይ ሲነሣ ሳይቀር ይሰማል። ሁለት ቦታ ላይ ይስላል፤ አላጠፋሁትም፣ የእሱ ነው። ክራሩ ከጎኑ አለ፤ የወለተ ሐና ከበሮ ከኋላ ሆኖ ቤቱን ይዞላቸዋል። ሦስተኛው ዜማ ያ ዜማ ነው። ማሲንቆ የሚገባበት ቦታ ጋ ሲደርሱ በደንብ ያዳምጡ። ትእዛዙ ዋሽንቱን ዝቅ ያደርጋል። ማንም አላዘዘውም። ከዚያች ከጎደለች ትንፋሹ ላይ ቀንሶ ይጠብቅዎታል። ባዶ ነው፤ ያ ሽሽሽ የሚለው ብቻ ይሰማል። ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይቀጥላል።

በአንደኛው ፊት እርስዎ ብቻ አሉ። በሁለተኛው እርስዎ ብቻ የሉም። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። አራት ነን ያሉት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ያመንሁት ያንን ነው።

እሑድ የካቲት 19፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በወለተ ሐና ቤት እንቀዳለን። ከሁዳዴ በፊት ያለችን ቀን እሷ ናት፤ ትእዛዙም ከዚያ በላይ አልችልም ብሎኛል። ከመጡ በርጩማዎ ቦታው ላይ ነው። ማይኩን ወደ እርስዎ አላስጠጋም፤ በርጩማውንም ወደ ማይኩ አላስጠጋም፤ አንዲት ጣት እንኳ። ካልመጡም እንቀዳለን። ሌላ ማሲንቆ አላስገባም፣ ትእዛዙንም ወደ ደጃፍ አልመልስም። ባዶዋን ቦታ እንደ ባዶነቷ አድርጌ አትማታለሁ፤ ካሴቱን የሰማ ሁሉ «እዚህ ላይ ማን ነበር የጎደለው?» ይበል። ሲጠይቁኝ ስምዎን እናገራለሁ፤ በክብር ነው የምናገረው።

ይኸው እስከዚህ ከሰሙኝ ሰላምታዬ ተገባዎት። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን የጽጽቃ ሙቀት አሻለው ወይስ ያው ነው? የልጅ ልጆችዎስ ማሲንቆውን አልሰበሩትም? እኔ ደህና ነኝ፤ ሱቄ ደህና ናት። ቤትዎን በየሦስት ቀኑ እየሄድሁ አየዋለሁ፤ በሩን ምስጥ ስለጀመረው ናፍጣ ቀብቼዋለሁ። ማስተዋል እኅቴ፣ አንቺም ተባረኪ፤ ጉሮሮሽ ደርቋል፣ ውኃ ጠጪ።

ቄስ ገብረ አምላክ ቅዳሜ ወደ ሰቆጣ ይመለሳሉ። መልስ ካለዎት በእሳቸው እጅ ይላኩልኝ። መልሱ ማሲንቆ ከሆነ ግን በእሳቸው እጅ አይላኩት፤ ራስዎ ይዘውት ይምጡ።

እስከዚያ ጓዳው በር ላይ ቆሜአለሁ።

የእኅትዎ ልጅ
ጥሩሐረግ